እንቅቡ ሲንጣጣ፦ ስለ እራት ግምገማ ሥርዓት

ሶፊ ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች መካከል ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋር ገጠር ከሚባሉት ሦስቱ አንዷ ናት። ስለ ማሽላዋና ስለ ጫቷ፣ እንዲሁም ስለ ጎረቤቷ ስለ ሐረር ግንብ፣ በሮችና መስጊዶች ብዙ ተጽፏል፤ በሶፊ መንደሮችም ሆነ በጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በየምሽቱ ሳይታጎል ስለሚካሄደው አንድ ታላቅ ጉባኤ ግን እስካሁን የሚገባው ጥናት አልተደረገም። ጉባኤው የእራት ግምገማ ሊባል ይችላል። የእራት ግምገማ ማለት ከቀትር ጀምሮ ወደ ማዕድ ቤት ብቅ ያላለ አባወራ ከማዕዱ ፊት ቀርቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ ካደረገ በኋላ፣ ለአፍታ ማላመጡን ገታ አድርጎና ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለ እንጀራው ዓይንና ስለ እራቱ መዘግየት የሚሰጠው የማያዳግም ብይን ነው። ልማዱ የሶፊ ብቻ አይደለም፤ ከጎንደር እስከ ነገሌ፣ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እስከ ዋሽንግተን አፓርታማ ድረስ ሊቃውንቱ አይታጡም። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ በምሥራቁ አገር፣ በተለይም በክረምት፣ የደረሰበት የረቀቀ ደረጃ ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል።

ግምገማ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለአሠርት ዓመታት የኖረ የስብሰባ ዓይነት ሲሆን፣ ተሰብሳቢዎች አንዱ የሌላውን ድክመት የሚያነሱበትና ሁሉም በሂስና በግለ ሂስ የሚያልፍበት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ግን ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ ተገምጋሚው ቢያንስ በወረቀት ላይ ገምጋሚውን መልሶ የመገምገም መብት ስለነበረው ስብሰባው ይንዛዛል፣ አንዳንዴም ለነገ ይቀጠራል። የእራት ግምገማ ይህን ጉድለት በጥበብ አስወግዶታል። ሂሱ ለአንደኛው ወገን፣ ግለ ሂሱ ለሌላኛው ወገን ተከፋፍሎ ስለተሰጠ ጉባኤው በአንድ ጉርሻ ይጠናቀቃል፤ አባወራው «ኧረ ይሄ ነገር ጨው የለውም እንዴ?» ይላል፣ እማወራዋ «ጢሱ ዓይኔን ይዞኝ ነው» ትላለች፣ ቃለ ጉባኤም አያስፈልግም።

የዳኛው ክብር የሚጀምረው ከቤቱ አሠራር ነው። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ እያሉ በተሠሩ፣ ነደባ በሚባሉ የመቀመጫ መደቦች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ፣ አሚር ነደባ የሚባለው፣ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ከደጅ የሚገባውን ሰው መቆጣጠር ይቻላል። ማብሰያውና ሌላው የአገልግሎት ክፍል ደግሞ በግቢው ውስጥ ለብቻው ተሠርቷል። የሕንፃ ባለሙያዎች ይህ የተደረገው እሳትንና ጢስን ከመኖሪያው ለማራቅ ነው ይሉ ይሆናል፤ ሥርዓቱን ጠልቆ የመረመረ ሰው ግን ዳኛ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ሥፍራ ርቆ መቀመጥ ስላለበት መሆኑን አያጣውም። በሶፊ የገበሬ ቤት አሚር ነደባ የለም፤ ሆኖም ምንጣፍና ትራስ እስካለ ድረስ ችሎት የትም ቦታ ሊያስችል ይችላል።

ወንበር ብቻውን ዳኛ አያደርግም፤ ምላስም መሠልጠን አለበት። የሶፊና የሐረር ገምጋሚ ምላሱን የሚያሠለጥነው በጫት ነው። የጫት ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን የሚባለው ሲሆን፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ እየተለወጠ ኃይሉ ስለሚደክም፣ ከሐረር ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትልቋ የጫት ገበያ በአወዳይ የሚጫኑ መኪኖች ከአምቡላንስ ባላነሰ ፍጥነት ይበራሉ። በአካባቢው የጠዋቱ አቃቃም ኢጃባና፣ ከምሳ በኋላ የሚቀመጡበት ደግሞ በርጫ ይባላል፤ ከበርጫው የሚገኘው የመንፈስ ንቃት ምርቃና ነው። ሌላው የታወቀ ጠባዩ የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋና አፍን የሚያደርቅ መሆኑ ነው። ተራ ሰው ይህን ሲሰማ በደረቀ ምላስና በተዘጋ ሆድ ስለ ወጥ መፍረድ አስቸጋሪ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዳኛ በያዘው ጉዳይ ላይ አንዳች ፍላጎት ሊኖረው እንደማይገባ የታወቀ የፍትሕ መርሕ ሲሆን፣ ከበርጫ የተነሣ ሰው ደግሞ በእራቱ ላይ ቅንጣት ታህል ፍላጎት የለውም። ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ዳኛ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ምርቃናውን የሚያጅበው ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና የባቢሌ ኦቾሎኒ ስለሆነ፣ ከሰዓቱን ሙሉ አፉን ሲያጣፍጥ የቆየ ሰው የጨው ማነስን ለማወቅ ማንም አይቀድመውም፤ የባሕር ውሃ ቢቀርብለት እንኳ «ትንሽ ነስነስ አድርጊበት» ማለቱ አይቀርም። ሴቶችም ይቅማሉ፤ ነገር ግን የቃመችው ሴት ወጡን የሠራችው ራሷ ስለሆነች በፈራጅነት ልትሰየም አትችልም።

ለዚህ ችሎት ክረምት የመኸር ወቅት ነው። በሐረር ዙሪያ ዝናብ በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ሲመጣ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ማሽላው ገና በማሳ ላይ የቆመበት፣ ጎተራው የጎደለበትና እንጨቱ የረጠበበት ነው። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ማገዶ ነው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ሙቀቱን አስቀድሞ የሚያውለው የራሱን ውሃ ለማትነን ስለሆነ፣ ለድስቱ የሚተርፈው በአመዛኙ ጢስ ነው። የገጠር ሴቶች ማገዶ ተሸክመው ወደ ሐረር ገበያ ሲወጡ፣ ገዢው መርጦ የሚወስደው ደረቁን ስለሆነ ለራሳቸው ምድጃ የሚቀረው እርጥቡ ነው፤ ደረቁ የተሸጠበት ገንዘብም ጨውና ስኳር፣ አልፎ አልፎም የገምጋሚውን ጫት ይገዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በማብሰያ ጢስ ሳቢያ ከሚፈጠር የቤት ውስጥ አየር ብክለት የተነሣ ሕይወታቸው እንዳለፈ ገምቷል፤ ይህ አኃዝ ግን ስለ ጨው ስላልሆነ በእራት ግምገማ አጀንዳ ውስጥ ተይዞ አያውቅም።

አንድ የሽሮ ድስት ከተጣደበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ፍርድ ቀን የሚያልፍበትን መንገድ በቅርብ መከታተል ለጥናቱ ይጠቅማል። ቁሌት፣ ማለትም ሽንኩርት ከዘይትና ከበርበሬ ጋር የሚታሽበት የወጥ መነሻ፣ በእርጥብ እንጨት ላይ ሲጣድ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል። ምድጃው እፍ ሲባልና ሲራገብ ቆይቶ እሳቱ ድንገት ቦግ ይልና ሽንኩርቱ ዳር ዳሩን ያርራል። ውሃ ይጨመራል፤ ሲፈላ ሽሮው በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው በማማሰያ መማሰል አለበት፤ በዚህች ቅጽበት ሕፃን ያለቅሳል፣ ወይም ፍየሏ ገመዷን ትበጥሳለች፣ ወይም ከሁሉ የከፋው፣ ደጅ ይንኳኳል። ሽሮ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው ሲያማስሉት ጨዋ ነው፤ ጀርባ ሲሰጡት ግን ይገነፍላል፣ የገነፈለውም በፍሙ ላይ ፈሶ ግማሹን እሳት ያጠፋል፣ በድስቱ የቀረው ከሥር ይይዛል፣ ከላይ ይጓጉላል። ደጁን ያንኳኳው ራሱ ገምጋሚው ሲሆን ከበርጫ ጓደኞቹ ሁለቱን አስከትሏል። እንግዳ መቀበል በምሥራቁ አገር ትልቅ ክብር ነውና ይህን የሚነቅፍ የለም። አባወራው ለዚያ ምሽት የመጀመሪያና የመጨረሻ በሆነው ጉብኝቱ ወደ ማዕድ ቤቱ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃ ጨመር አድርጊበት» ይላል። ማዕዱ ቀርቦ በእንግዶቹ ፊት «ዛሬስ ወጡ ቀጠነሳ!» የሚለው ድምፅም የእሱ ነው። አዛዥ፣ ከሳሽና ፈራጅ እንዲህ በአንድ ሰው ላይ ተሟልተው ሲታዩ፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች የሥልጣን ክፍፍል እየተባለ ስንት ዘመን የተደከመበት ትምህርት ምን ያህል ትርፍ እንደነበር ይገለጣል።

እንጀራው ደግሞ ለብቻው የክስ መዝገብ አለው። በአካባቢው በብዛት የሚጋገረው የማሽላ እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ቶሎ የሚደርቅና ሲያድር የሚፈረካከስ ሲሆን፣ በክረምት ብርድ እርሾው ስለሚለግም ሊጡ በሰዓቱ አይኮፍም። ከሊጡ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ የሚመለሰው አብሲት በትክክል ካልተጣለ፣ እንጀራው ዓይን፣ ማለትም ፊቱ ላይ ሊኖሩት የሚገቡትን ቀዳዳዎች፣ አያወጣም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው የከተማ ቤት ከዚህ ፈተና የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚጠይቅ፣ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ምሽት ሲጥድ ወይም ነጎድጓድ ሲያጓራ መብራቱ ይሄዳል፣ አክንባሎ ሥር የቀረውም እንጀራ ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። ተፈጥሮም ብትሆን ለማብሰል አትተባበርም፤ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ባቄላውና ቦሎቄው በባሕር ዳርቻ ካለ ድስት ይልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። «ለምን ዘገየ?» ለሚለው ጥያቄ የአየር ግፊትን መቀነስ በመልስነት ያቀረበች እማወራ ብትኖር በነገር ጠማማነት ተጨማሪ ክስ በተመሠረተባት ነበር።

የውሃው ነገር አጭር ነው። ሐረር ለረጅም ጊዜ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቆ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልሶ ውሃ መያዝ ቢጀምርም፣ ከተማዋ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ሽቅብ ተገፍቶ በሚመጣ የጉድጓድ ውሃ ላይ መደገፍ ነበረባት። ቧንቧው በተራ ስለሚመጣ የቤት ውሃ በጄሪካንና በበርሜል ይቆጠራል፤ ያረረ ድስት በሚፈተግበት ውሃ ሌላ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር የምታውቀውም የምትፈትገው ሴት ናት። ሐይቅ መድረቁ እንደ ማስተባበያ አይቆጠርም።

ከክሶቹ ሁሉ ግን የጨው ክስ ቀዳሚ የሆነበት ምክንያት ልዩ ትኩረት ይሻል። ስለ ቁሌት ለመናገር ቁሌት ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ስለ አብሲት ለመፍረድም ቢያንስ ሊጥ ያለበትን ዕቃ ማየት ያስፈልጋል፤ ጨው ግን ምንም ዕውቀት የማይጠይቅ፣ ለማንኛውም ድስት የሚስማማና ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ክስ ነው። በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከአሚሩ ማዕድ ቤት የተላከለትን ምግብ ሲገልጽ፣ በጎምዛዛ ወተት የራሰና በርበሬ በብዛት የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ እንደነበር ጽፎ፣ በርበሬውን የዚያ አገር ጨው አድርጎ ቆጥሮታል። ሰውየው በሄደበት ሁሉ ነቀፋ የማያልቅበት ጸሐፊ ነበር፤ ሆኖም የእራት ግምገማን ጥበብ ስላልተማረ «ጨው የለውም እንዴ?» ማለት ሲገባው ስለ ጨው ምንነት ተፈላስፎ አለፈ።

ገምጋሚው ብይኑን የሚያጸናው በቀደመ ፍርድ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተደንግጓል፤ የእራቱ ችሎት ግን አዋጁን ሳይጠብቅ ይህን ሥርዓት ሲሠራበት ኖሯል፤ አስገዳጁ ውሳኔም «የእናቴ ወጥ» ይባላል። የእናት ወጥ ጨው አንሶት፣ አርሮና ቀጥኖ አያውቅም፤ እናቲቱ በሕይወት ሳሉ ባለቤታቸው በየምሽቱ ምን ይሏቸው እንደነበር የሚናገር መዝገብ ስለሌለ ውሳኔው አይሻርም። ካረፉ በኋላ ደግሞ ወጡ በየዓመቱ እየጣፈጠ ይሄዳል።

እዚህ ላይ «ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ» የሚለውን ተረት የሚጠቅሱ ተቺዎች አሉ። እንቅብ ከሣር የሚሰፋ የእህል መያዣ ሲሆን፣ ተረቱ እሳቱ ላይ ያለው ዝም ብሎ እሳት ያልነካው ሲጮህ የሚነገር ነው። ለእንቅቡ ግን ፍትሕ ይገባዋል፤ ምጣድ የሚንጣጣው ስለሚቃጠል ነው፣ ይህም ማንም የሚችለው ነው፤ ምንም ሳይነካው መንጣጣት የቻለ ዕቃ ግን በእርግጥም ከፍ ያለ ስሜት የተሰጠው መሆን አለበት።

ሕግ አውጪዎች ለዚህ ጥበብ ያሳዩት ውለታ ቢስነት የሚያሳዝን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሰይሞ፣ አገልጋይ ለማቅረብ አቅም ከሌለውም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ጥሎባት ነበር። ይህን የመሰለ ሸጋ ድንጋጌ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሰርዞ ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው፤ ክልሎችም የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እያወጡ ተከተሉት። እንደ ዕድል ሆኖ ነጋሪት ጋዜጣ ማዕድ ላይ ስለማይነበብ ችሎቱ ሥራውን አላቋረጠም።

ወንድ ልጅ ማብሰል አይችልም የሚል ሰው ካለ ደግሞ ሐረርን አያውቃትም። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ሊጡን በመዳፉ እየመታ እንደ ሻሽ አሳስቶ ወደ አየር የሚወረውረው፣ እንቁላሉን በውስጡ አጥፎ የሚጠብሰው ፈጢራ ሠሪ፣ ማለዳ ፉል የሚያፈላው፣ ማታ ሥጋ የሚጠብሰው በአብዛኛው ወንድ ነው። ፈጢራው ቢያርርበት ሌላ ይሠራል፤ ጨው ቢጎድል ደንበኛው ራሱ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ይጨምራል፣ ሒሳቡንም ይከፍላል። የዚህ ሊቅ ችሎታ ግን ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ በተአምር ይጠፋል፤ ሊጥ አሥር ሰዓት ሙሉ የነካ እጅ በገዛ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ክብሪት እንኳ አያገኝም። የሙያው ደሞዝ በር ላይ ስለሚቆም ይሆን?

ለንጽጽር ያህል በሐረር ምግብ የሚገመግም ሌላ አካል መኖሩ መጠቀስ አለበት፤ እሱም ጅብ ነው። በአሹራ ዕለት፣ ማለትም በእስልምና የዘመን አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር በሙሐረም አሥረኛ ቀን፣ በከተማዋ ዳር ለጅቦች ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርባል፤ ጅቡ ገንፎውን እንዴት እንደበላው ታይቶም የመጪው ዓመት ዕድል ይተነበያል፣ ቀምሶ ጥሎት ከሄደ መጥፎ ምልክት ነው። ይህ ገምጋሚ የሚሰየመው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ጠርተውት ይመጣል፣ እንግዳ አያስከትልም፣ ያልጣመውን ትቶ በጸጥታ ይወጣል፣ በሌሎቹ ሌሊቶች ደግሞ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ያረረውንም የጎመዘዘውንም ትራፊ ሳይመርጥ ያነሣል። ከሥርዓቱ አንጻር ሲታይ ጅብ ገና ያልሠለጠነ ገምጋሚ መሆኑ ግልጽ ነው።

በመጨረሻም ለሥርዓቱ ደጋፊዎች አስቸጋሪ የሆነ አንድ ማስረጃ አለ። ከ2002 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ረመዳን የዋለው በክረምት ነበር። እንጨቱ ያው እርጥቡ፣ ውሃው ያው የተራው፣ ድስቱም ያው ድስት ነበር፤ እንዲያውም ጉዳዩ ከወትሮው የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ጾመኛ ሴት የምታበስለውን ወጥ በምላሷ ጫፍ ቀምሳ መትፋት እንደምትችል የፈቀዱ የሃይማኖት ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ብዙዎች ጥንቃቄን መርጠው ሳይቀምሱ ያበስላሉና። ያለ ቅምሻ፣ በእጅ ግምት ብቻ የተጨመረ ጨው ለሠላሳ ቀን ሊያንስ ወይም ሊበዛ ይገባው ነበር። ነገር ግን የመግሪብ አዛን ተሰምቶ ተምሩ ከተቀመሰ በኋላ ሾርባው ጣፋጭ፣ ሳምቡሳው ልክ፣ ወጡም እጅ የሚያስቆረጥም ይሆን ነበር፤ በርጫውም በረመዳን ወደ ሌሊት ስለሚሸጋገር፣ ለማዕድ የቀረበው ምላስ ጫት ያልነካው፣ ሆዱም ከማለዳ ጀምሮ ባዶ የነበረ ነው። ከግምገማው ሊቃውንት አንዱም ስለዚህ ወር እስካሁን ማብራሪያ አልሰጠም።

ከኢድ በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲጠናቀቁ የሐረሪ ሕዝብ በዜማና በጭፈራ የሚያከብረው ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የእራት ግምገማ ግን ዕድሜው ከማንም የማያንስ፣ ባለሙያዎቹም በየቤቱ የሞሉ ሆነው ሳለ ለምዝገባ በዕጩነት እንኳ አልቀረበም። የሚመለከታቸው ክፍሎች ሰነድ ማዘጋጀት ከፈለጉ ከሸዋሊድ ማግሥት የተሻለ ጊዜ አያገኙም፤ በርጫው ወደ ከሰዓት የሚመለሰውና ወጡ ሁሉ ጨው የሚያንሰው በእነዚያ ቀናት ነው።